ፍራንክ ቦውሊንግን ያዘገየው ማስተማር አይደለም

የጠያቂው ጥያቄ፦ «ፍራንክ ቦውሊንግ የሚባለው የጉያና ተወላጅ ሠዓሊ ዕድሜውን ሙሉ በፕሮፌሰርነት ሲያስተምር ኖሮ፣ በ85 ዓመቱ የለንደኑ ቴት ሙዚየም አግኝቶት ታወቀ ሲባል ሰማሁ። እኔ 38 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሳምንት አምስት ቀን አስተምራለሁ፤ የራሴን ሥራ የምሠራው ማታና እሑድ ነው። ሥራዬ ውጭ አገር እንዲታይ ማስተማሩን ልተወው? ወይስ እንደ እሱ አገር ልቀይር? ቀለም የማፍሰስ ዘዴውንም ሞክሬ ነበር፤ ሲደርቅ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጠቀብኝ። ምን አጠፋሁ?»

የሰሙት ወሬ የሰውየውን ስም ይዞ ታሪኩን ጥሏል፤ እሱን አምነው ሥራ ቢለቁ ይጎዳሉ። ስለዚህ ከምክሩ በፊት ዓመታቱ በቅደም ተከተል ይቀመጡ። ሁሉም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦውሊንግ በ1934 በያኔዋ የእንግሊዝ ጉያና፣ የኤሴኪቦና የማዛሩኒ ወንዞች በሚገናኙባት ባርቲካ ተወለደ። ያደገው ኒው አምስተርዳም በምትባል ከተማ ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የቤተሰቡ መኖሪያና ሱቅ አንድ ቤት ነበር። ያንን ቤት ልብ ይበሉት፤ በኋላ በሥዕሎቹ ውስጥ ይመጣል። ጉያና በካርታ ከታየች ደቡብ አሜሪካ ላይ ናት፤ በቋንቋዋና በቅኝ ግዛት ታሪኳ ግን ከካሪቢያን ጋር ትቆጠራለች። የካሪቢያን አገሮች ማኅበረሰብ ጽሕፈት ቤት እንኳ ያለው በዋና ከተማዋ በጆርጅታውን ነው።

በ1953፣ በ19 ዓመቱ፣ ለንደን ገባ። ሊሆን ያሰበው ጸሐፊ ነበር። በአየር ኃይል ብሔራዊ አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ ሥዕል ዞረና ከ1959 እስከ 1962 በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተማረ። በ1962 የኮሌጁ የወርቅ ሜዳሊያ በኋላ ዝነኛ ለሆነው ሠዓሊ ለዴቪድ ሆክኒ፣ የብሩ ለቦውሊንግ ተሰጠ። በዚያው ዓመት ግራቦውስኪ ጋለሪ ሥራዎቹን ለንደን ላይ አሳየ። በ1966 ዳካር በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጥቁሮች የጥበብ ፌስቲቫል በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታላቁን ሽልማት ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ገባ። በ1967 የአሜሪካውን የጉግንሃይም ፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ አገኘ፤ በ1973 ደገመው። በ1971 የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለብቻው ዐውደ ርእይ አዘጋጀለት፤ ያኔ 37 ዓመቱ ነበር፤ ከእርስዎ በአንድ ዓመት ያንሳል። በ1986 የለንደኑ ሰርፐንታይን ጋለሪ አሳየው። በ1987 ቴት አንድ ሥዕሉን ገዛ። በ2005 የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ተቋም የሆነው የሮያል አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1768 ለተመሠረተው አካዳሚ የመጀመሪያው ጥቁር አባል ነው። በ2019 የቴት አንዱ ቅርንጫፍ የሆነው ቴት ብሪተን የዕድሜ ልክ ሥራውን ያሳየው ዐውደ ርእይ ሲከፈት ቦውሊንግ በእርግጥ 85 ዓመቱ ነበር፤ ነገር ግን ተቋሙ ሥዕሉን ከገዛ 32 ዓመት ሆኖታል። ቤቱ ያለን ዕቃ «አገኘሁት» አይባልም።

ታዲያ የዘገየው ምንድን ነው? በአንዱ ከተማ ያፈራው ስም ወደ ሌላው አለመሻገሩ ነው። ለዚህ አራት ምክንያቶች ተደራርበዋል፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ከባዱ የዘር መድልዎ ነው። በ1964 የለንደኑ ዋይትቻፕል ጋለሪ የዘመኑን ወጣት ሠዓሊዎች በአንድነት ሲያሳይ፣ ከእነሱ ጋር የተማረውና ሜዳሊያ ያገኘው ቦውሊንግ አልተካተተም። እንግሊዝ ለባለ ቀለም ጎበዝ ሠዓሊ ገና አልተዘጋጀችም የሚል ቃል እንደ ደረሰው እሱ ራሱ ተናግሯል። የትውልድ ዝርዝር አንዴ ከተጻፈ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ይገለበጣል፤ መጽሐፉም፣ ሰብሳቢውም፣ መምህሩም ያንኑ ስም ይጠራል። ከዚያ ዝርዝር የወደቀ ሰው ሥራው ቢያድግም የሚጠራው የለም።

ሁለተኛው፣ በ1966 ኒውዮርክ ሲሄድ ለንደን ረሳችው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን ሲመለስ ደግሞ ኒውዮርክ «ሄደ» አለች። ከሁለት ያጣ እንዳይሆን ስቱዲዮ በሁለቱም ከተማ ይዞ ለአሥርተ ዓመታት ተመላለሰ፤ ቲቦር ደ ናጊ ጋለሪም ኒውዮርክ ላይ ያሳየው ነበር። ኪራዩ ድርብ፣ ድካሙም ድርብ ነበር። ሦስተኛው ምክንያት የሥራው ዓይነት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከጥቁር ሠዓሊ የሚጠበቀው የትግሉን ምስል በግልጽ እንዲያሳይ ነበር፤ ረቂቅ ሥዕል (የሰው ወይም የነገር ምስል ሳይሆን በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር) የሚሠራው ከአንድ ወገን «ሕዝብህን ተውክ» ሲባል፣ ከሌላው ወገን ደግሞ የረቂቅ ሥዕል ታሪክ የነጮች ብቻ ተደርጎ ይጻፍ ነበር። አራተኛውን በአጭሩ ልለፈው፦ ለንደን በተመለሰበት ጊዜ የዘመኑ ፋሽን ከሸራና ከቀለም ርቆ ከተሠራው ዕቃ ይልቅ ሐሳቡ ወደሚበልጥበት ወደ ሐሳብ ጥበብ ሄዶ ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ ማስተማር የለም። «ፕሮፌሰር» የሚለው ቃል ነው ያሳሳተዎት። በእኛ አጠራር ፕሮፌሰር የማዕረግ ጫፍ ነው፤ በአሜሪካ ግን ገና የተቀጠረ ረዳት መምህርም በዚህ ስም ይጠራል። ቦውሊንግ በካምበርዌልና በሬዲንግ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ፣ በኒው ጀርሲው ራትገርስ፣ ቦስተን ውስጥ በማሳቹሴትስ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ አስተምሯል። የአሜሪካዎቹ አጫጭር ቅጥሮች ነበሩ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይያዛል። ረዘም ያለው ለንደን ውስጥ በባየም ሾ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የቆየበት ነው። ማስተማሩ የቀለምና የኪራይ ገንዘብ ሰጠው፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጋለሪ ያልሰጠውን ግድግዳ ሰጠ። በ1969 በኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ስቶኒ ብሩክ «5+1» የተባለውን ዐውደ ርእይ ያዘጋጀው እሱ ነው። አምስቱ ሜልቪን ኤድዋርድስ፣ ዳንኤል ላሩ ጆንሰን፣ አል ላቪንግ፣ ጃክ ዊተንና ዊልያም ቲ. ዊልያምስ ነበሩ፤ ተደማሪው አንድ ራሱ ነው። ዛሬ የእነዚህ ሰዎች ሥራ በታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅሏል። የሚያሳያቸው ጠፍቶ በነበረ ጊዜ አንድ ሠዓሊ ራሱ ሰበሰባቸው።

ከዚያ በላይ የጠቀመው መጻፉ ነው። ከ1969 እስከ 1972 በአርትስ ማጋዚን ቋሚ ጸሐፊ ሆኖ ስለ ጥቁር ሠዓሊዎችና ስለ ረቂቅ ሥዕል ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ፤ በ1971 አርትኒውስ ላይ ያሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይነበባል። ሥዕል መጋዘን ሲገባ ከዓይን ይጠፋል፤ የታተመ ጽሑፍ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቆያል። በ2000ዎቹ ያንን ዘመን እንደገና ያጠኑ ምሁራን የቦውሊንግን ስም ደጋግመው ያገኙት እዚያ ነው።

የኛን አገር ለማነጻጸር ከፈለጉ ትክክለኛው ሰው ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። በ1955 ለንደን ሄደ፤ ከዚያ ፓሪስ ውስጥ እስከ 1966 ኖረ። እዚያ ሳለ የኩባው ተወላጅ የዊፍሬዶ ላም ሥራ በጥልቅ ነክቶታል፤ የካሪቢያን ሥዕልና የኛ የተገናኙበት አንዱ እውነተኛ ቦታ ይህ ነው። ተመልሶ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላ ከ1972 እስከ 2001 በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን የመሰሉ ሠዓሊዎች በዚያ በር አልፈዋል። እስክንድር በአንድ ተቋም 29 ዓመት ጸና፤ ቦውሊንግ ከተቋም ተቋም ተዘዋወረ። ሁለቱም አስተምረዋል፤ ሁለቱም የዓለም ሙዚየሞች ውስጥ አሉ። በጣሊያን በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ በ2003 የአፍሪካንና የዳያስፖራን ሥራ ባሳየው «ፎልት ላይንስ» የተሰኘ ዐውደ ርእይ ቦውሊንግ ሲቀርብ፣ አብራው የቀረበችው የኛዋ ሳሌም መኩሪያም በአሜሪካ ዌልስሊ ኮሌጅ የሥነ ጥበብ መምህርት ነበረች። ማስተማር ከዓለም አቀፍ መድረክ የሚያስቀር ቢሆን እነዚህ ሦስቱም እዚያ ባልደረሱ ነበር።

ስለ ሥዕሎቹ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ሥራው ለምን ለሁለቱም ከተሞች እንደ ከበደ እዚያው ላይ ይታያል። በ1968 የሠራው፣ አሁን በቴት ያለው፣ ስሙ ቀጥ ባሉ መስመሮቹ በሚታወቀው በአሜሪካዊው ሠዓሊ በባርኔት ኒውማን ላይ ጥያቄ የሚያነሳው ሥዕል አለ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ሲሆን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀጥ ብለው ይወርዱበታል። የኛ ሰው ሲያየው የራሱን ባንዲራ ያስባል፤ ነገር ግን ቀለሞቹ በግንቦት 1966 ነፃ የወጣችው የጉያና ናቸው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ቀለሙ ውስጥ የደቡብ አሜሪካ ካርታ ልክ እንደ ታጠበ እድፍ ደብዝዞ ይታያል። የኒውማን ጥብቅ መስመር ላይ አገሩን አስገባበት። በሌሎች የዚያ ዘመን ሥራዎቹ ደግሞ የእናቱ ቤትና ሱቅ ፎቶግራፍ በስክሪን ኅትመት ሸራው ላይ ተጭኗል፤ ደጋግሞ ከመታተሙ ብዛት ይጠፋል፣ ይመለሳል። በ1971 የተሠራው ትልቁ የካርታ ሥዕሉ ስፋቱ ከ6 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሥራ ከቤት የሚያወጣው ሙዚየም ብቻ ነው፤ ሙዚየም ካልጠራ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

አሁን ወደ እርስዎ። ከቦውሊንግ ሕይወት ሊቀዱ የማይችሉት ነገር አለ፤ ይህን ካላወቁ ያልሆነ ተስፋ ይይዛሉ። በ1953 እሱ እንግሊዝ የገባው እንደ ቅኝ ግዛት ተወላጅ ነው፤ የ1948ቱ የእንግሊዝ ዜግነት ሕግ ለእሱና ለትውልዱ የመግባትና የመኖር መብት ይሰጥ ነበር። ያ በር ከ1962 ጀምሮ ጠበበ። ለኢትዮጵያዊ ደግሞ መጀመሪያውንም አልተከፈተም። የጉግንሃይም ድጋፍም ዛሬ ለአሜሪካና ለካናዳ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። የኒውዮርክ ሠዓሊዎች በ1960ዎቹ ባዶ የፋብሪካ ፎቆችን በርካሽ ይከራዩ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ሰፈር የመምህር ደመወዝ አያስጠጋም። ስለዚህ «እንደ እሱ አገር ልቀይር» ለሚለው መልሴ አሁን አይቀይሩ ነው። ስደት ላይ ያለ ሠዓሊ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ለኪራይ ሲሠራ ያሳልፋቸዋል፤ እርስዎ ግን አሁን ያለዎትን ቦታ፣ ብርሃንና ጊዜ ገና አልተጠቀሙበትም። ከአንድ እስከ ሦስት ወር የሚቆይ የሠዓሊዎች መኖሪያ ፕሮግራም («ሬዚደንሲ»፣ ለሠዓሊ ማደሪያና መሥሪያ ቦታ ለጊዜው የሚሰጥ) ይፈልጉ፤ ሄደው ሠርተው፣ ሰው ተዋውቀው ይመለሱ።

ማስተማሩንም አይተዉ። ቀኖቹን ግን ይቀንሱ። ከአምስት ወደ ሦስት ቀን እንዲወርድ ጠይቁ፤ ነፃ የሚሆኑት ሁለት ቀናት ተከታታይ ይሁኑ። ማክሰኞና ዓርብ ተነጣጥለው ቢሰጡዎት ጥቅማቸው ግማሽ ነው፤ ትልቅ ሸራ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ሳይቋረጥ መሻገር አለበት። ማታ በአምፖል የተቀባ ቀለም ደግሞ ጠዋት ሌላ ቀለም ሆኖ ይገኛል። የደመወዙን ቅናሽ ለመቻል የስምንት ወር የቤት ኪራይና የዕቃ ወጪ አስቀድመው ያጠራቅሙ። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ በመቀነስ ይጀምሩ። ሙሉ በሙሉ መልቀቅ የሚያዋጣው የሥዕል ሽያጭ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከደመወዝ ሲበልጥ ነው፤ አንድ ጥሩ ዓመት ማስረጃ አይሆንም።

ከዚያ መዝገብ ይጀምሩ። ሥራቸው ከአገር ያልወጣ ብዙ ጎበዝ ሠዓሊዎች የጎደላቸው ይህ ነው፤ የዐውደ ርእይ አዘጋጅ (ኪዩሬተር) ሲጠይቃቸው የሚልኩት በስልክ የተነሣ፣ መጠኑ ያልተጻፈበት ፎቶ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ቁጥር ይስጡ፤ ዓመቱና ተራው በቂ ነው። ሦስት ፎቶ ያንሡ፦ ፊት ለፊት፣ ጀርባውን፣ እና ከጎን ብርሃን በማብራት የቀለሙን ውፍረት የሚያሳይ። መጠኑን ሲጽፉ ቁመት ይቅደም፣ ስፋት ይከተል፣ በሴንቲ ሜትር። የቀለሙን ዓይነትና የፋብሪካውን ስም፣ ሸራው ምን እንደ ሆነ፣ ከስር ምን እንደ ተቀባ ይጻፉ። ማን እንደ ወሰደው፣ መቼ፣ በስንት እንደ ሆነ ያስፍሩ። ቅጂው ሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ። ከአምስት ሥራ አንዱን፣ ያውም የተሻለውን፣ አይሽጡ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ዐውደ ርእይ የሚቀርበው እሱ ነው። ለጋለሪ ሥራ ሲሰጡ በጽሑፍ ይሁን፦ ለስንት ጊዜ፣ የጋለሪው ድርሻ ስንት በመቶ እንደ ሆነ፣ በመንገድ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል፣ የመመለሻውን ወጪ ማን እንደሚችል። ውጭ አገር 50 በመቶ የተለመደ ነው፤ አይደንግጡ፤ መመለሻውን በእርስዎ ላይ የሚጥል ውል ግን አይፈርሙ። ከአገር ሲያወጡ ሥዕሉ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ፈቃድ ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ ሆነው አይጀምሩት።

ይጻፉም። የባልደረቦችዎ ዐውደ ርእይ በተከፈተ ቁጥር 500 ቃል፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ስለ ራስዎ አይጻፉ፤ ስለ ሌሎች ሥራ የሚጽፉት ነው የእርስዎን ዓይን የሚያስመሰክረው።

የቀለሙ ጉዳይ። ቦውሊንግ ከ1973 እስከ 1978 ያፈሰሳቸውን ሥዕሎች ሲሠራ ሸራውን የሚወጥርበት የሚያጋድል መደብ ነበረው፤ አክሪሊኩን እስከ ሁለት ሜትር ከሚደርስ ከፍታ ይለቀው ነበር። ቀለሙ ቁልቁል ሲወርድ ከላይ ስስ ሆኖ ያልፋል፤ ታች ሲደርስ ይጠራቀምና ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባሉ። እርስዎ ሸራውን መሬት ላይ ዘርግተው ያፈሰሱ ይመስለኛል፤ እንደ በጋ ጭቃ የሚያሰነጥቀው እሱ ነው። የተኛ ሸራ ኩሬ ይይዛል። አክሪሊክ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ነው፤ ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይዋሃዳሉ። ኩሬው ሲወፍር ላዩ ቶሎ ቆዳ ይይዛል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ውስጡ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ የደረቀውን ቆዳ ይጎትተዋል፣ ቆዳውም ይቀደዳል። በማጋደሉ ቀለሙ ስለሚሮጥ ውፍረት አይይዝም፤ የቦውሊንግ መደብ ለውበት ብቻ አልተሠራም።

ሌሎች ሦስት ጥፋቶችም ይመርምሩ። አንደኛ፣ ብርድ። አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ቅንጣቶቹ በደንብ አይዋሃዱም፤ አዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከዚያ ሊወርድ ይችላል። ቀን አፍስሰው ማታ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ትተውት ከሄዱ፣ ጠዋት ያገኙት ስንጥቅ የሌሊቱ ሥራ ነው። በዚያው ወራት የቀኑ አየር ደረቅ ስለሆነ ላዩ ደግሞ ቶሎ ቆዳ ይይዛል፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ይጎዱዎታል። ሁለተኛ፣ ዋጋ ለመቆጠብ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ቀላቅለው ከሆነ፣ እሱ ውስጥ ብዙ የኖራ ድንጋይ ዱቄት አለ፤ ተለጣጭነቱ ትንሽ ነውና ሲወፍር ይሰነጠቃል። ኮላ መጨመርም መፍትሔ አይደለም፤ የእንጨት ኮላ እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ሦስተኛ፣ ውሃ የበዛበት ቀለም ቅንጣቶቹን የሚይዘው ማሰሪያ ይሳሳል።

እንዲህ ያድርጉ። አንድ ሊትር ቀለም አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ አንድ ሚሊ ሜትር ይወፍራል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ለሆነ ሸራ በአንድ ጊዜ ከ3 ሊትር አይለፉ፤ ያ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። አንድ እጅ ቀለም ለሁለት እጅ የማፍሰሻ መካከለኛ («ፖሪንግ ሚዲየም» የሚባለውን ከአክሪሊክ ጋር የሚደባለቅ ፈሳሽ) ይደባልቁ፤ ውሃ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አይብለጥ። በዝግታ በእንጨት ያማስሉ፤ በማሽን ከመቱት አረፋ ይይዛል። ከድነው 24 ሰዓት ያሳድሩት፤ አረፋው ይወጣል። ሸራው አስቀድሞ ሁለት ጊዜ አክሪሊክ ጄሶ (የሸራ መነሻ ነጭ ቅብ እንጂ የግድግዳው ጄሶ አይደለም) ይቀባ። ግልጽ ጄል የሚያፈሱ ከሆነ ከጄሶው በፊት ሁለት ዙር አንጸባራቂ አክሪሊክ መካከለኛ («ግሎስ ሚዲየም») ይቀቡ፤ አለበለዚያ ከጥጡ ውስጥ የሚወጣ ቆሻሻ ጄሉን ቡናማ ያደርገዋል፤ ይህ ከደረቀ በኋላ አይታጠብም።

ሸራውን ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ወጥረው ከአንድ ጫፍ በየሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ከታች ሳፋ ያስቀምጡ። ያፍስሱ። ቀለሙ መውረዱን ሲያቆም ሰሌዳውን ያስተኙት። የታችኛው ጠርዝ ላይ የተጠራቀመውን ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በስፓቱላ ይግፉት። ከዚያ በላዩ ላይ በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላስቲክ ዘርግተው ለመጀመሪያው ቀን ይሸፍኑት፤ ላስቲኩ ቀለሙን አይንካ፣ አንድ ጎኑ ክፍት ይሁን። ፀሐይና ንፋስ አያግኙት። ክፍሉ ቀንና ሌሊት ከ15 ዲግሪ በላይ ይሁን። ሁለተኛውን ዙር ከሦስት ቀን በፊት አያፍስሱ። ቀድሞ የተሰነጠቀው ሸራዎ ላይ በላዩ አዲስ ቀለም አፍስሰው ለመሸፈን አይሞክሩ፤ ስንጥቁ መልሶ ይወጣል።

ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስቡ ከሆነ ከማፍሰስዎ በፊት ይወስኑ፤ ውፍረቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ ብቻ ነው የሚጠቀለለው። ከተፈሰሰ ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ። ቀለም የተቀባው ወገን ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለል፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ይታጠፍና ይቀደዳል። በየሱቁ የሚገኘው 11 ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ ቧንቧ ጠባብ ነው፤ በካርቶንና በስፖንጅ እየጠቀለሉ ዲያሜትሩን 30 ሴንቲ ሜትር ያድርሱት። በቀለሙ ላይ ሲሊኮን የተቀባ የመጋገሪያ ወረቀት ያድርጉ፤ ላስቲክም ጋዜጣም ሲሞቅ ከአክሪሊክ ጋር ይጣበቃል። የሚጠቀልሉበት ክፍል ሞቅ ያለ ይሁን። ተቀባዩ ጥቅሉ እንደ ደረሰው እንዳይከፍተው በትልቁ ይጻፉበት፤ የአውሮፕላን ዕቃ ክፍል ይበርዳል፣ የቀዘቀዘ አክሪሊክ ሲዘረጋ ይሰበራል። ሞቃት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ያሳድረው፣ ከዚያ ይፍታው። ከሁለት ሚሊ ሜትር የወፈረው ደግሞ በፍሬሙ ላይ እንዳለ በእንጨት ሳጥን ቆሞ ነው የሚሄደው፤ የጭነቱ ዋጋም በሳጥኑ መጠን ስለሚታሰብ አጭሩን ጎን ከ120 ሴንቲ ሜትር አያሳልፉት።